የአሮጌ ጌም ኮንሶል ማሻሻያ ኪት አመራረጥ፦ ከሻጩ ፎቶ በፊት ቦርዱን እዩ

ለአሮጌ ጌም ኮንሶል የሚሸጡ ኪቶች አምስት ዓይነት ናቸው፦ ስክሪን የሚቀይሩ፣ ምስሉን ወደ ዘመኑ ቴሌቪዥን የሚያወጡ፣ የዲስክ ማጫወቻውን በሚሞሪ ካርድ የሚተኩ፣ ባትሪና ኃይል የሚያሻሽሉ፣ ያረጁ ካፓሲተሮችን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ የቦርድ ክፍሎችን) የሚተኩ። አንዳቸውም ግን እንዲሁ በጅምላ «ለጌም ቦይ» ወይም «ለድሪምካስት» ተብለው አልተሠሩም። የተሠሩት ለአንድ የቦርድ እትም ነው። አምራቾቹ አንድን ኮንሶል ገበያ ላይ ባቆዩባቸው ዓመታት ሆዱን ደጋግመው ቀያይረውታል፤ ቀፎው ግን ያው ነው። በፎቶ ተማርኮ ያዘዘ ሰው ዕቃው ደርሶት «አልገጥም አለኝ» ሲል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የማሽኑ ጤና ይታይ፣ ቀጥሎ የቦርዱ እትም፣ ከዚያ ኪቱ የሚፈልገው ኃይል፣ ከዚያ የሚጠይቀው ብየዳ። የምስል ጥራትና ዋጋ የሚወዳደሩት እነዚህን ባለፉ ኪቶች መካከል ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው።

ማሽኑ እንዳለ ይፈተሽ

ባልተፈተሸ ማሽን ላይ ኪት መግጠም ሁለት ብልሽት አደባልቆ መፈለግ ነው። ድምፁ ቀድሞም ይቆራረጥ ከነበረ፣ ስክሪኑን ከቀየራችሁ በኋላ ጥፋተኛው አዲሱ ስክሪን ይመስላችኋል። ኮንሶሉን በራሱ ስክሪንና በራሱ አዳፕተር ቢያንስ 30 ደቂቃ አጫውቱት። ሁሉንም ቁልፎች፣ ስፒከሩን፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን፣ ጌም ሴቭ ማድረጉን አንድ በአንድ ሞክሩና ያገኛችሁትን ጻፉት።

አዳፕተር ብዙ ማሽን ገድሏል። ጫፉ ገባ ማለት ትክክለኛው ነው ማለት አይደለም። የኔንቲዶ ኤንኢኤስ አዳፕተር የሚሰጠው 9 ቮልት ኤሲ ነው፤ የጃፓን እትሞቹ ፋሚኮምና ሱፐር ፋሚኮም የሚፈልጉት 10 ቮልት ዲሲ፣ የጫፉ መሐል ኔጌቲቭ የሆነ። ኤንኢኤስ ውስጡ ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር ክፍል ስላለው ዲሲ ቢሰጡትም ይሠራል፤ የኤንኢኤስን አዳፕተር ፋሚኮም ላይ መሰካት ግን ማሽኑን ያቃጥላል። የሴጋ ሜጋ ድራይቭ አንደኛው ሞዴል መሐሉ ኔጌቲቭ፣ ሁለተኛው ሞዴል መሐሉ ፖዘቲቭ ነው። ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር ለኩ።

ካሴት የሚወስዱት የቆዩ ኮንሶሎች አብዛኞቹ 5 ቮልታቸውን የሚያገኙት 7805 ከሚባል ባለሦስት እግር ሬጉሌተር (ቮልቱን ከሚያስተካክል ክፍል) ነው። ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ ከብረት ጀርባው፣ ቀዩን ከ3ኛው እግር አገናኙ። ንባቡ ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ከዚያ ከወረደ ኪት መፈለጉን አቁሙና መጀመሪያ ኃይሉን አስተካክሉ፤ አዲስ ቦርድ ተጨማሪ ጭነት እንጂ መድኃኒት አይሆንለትም።

ሁለት ማሽኖች ሳይከፈቱ አይታለፉም። የመጀመሪያው የ1990ው ሴጋ ጌም ጊር ነው። በቦርዱ ላይ ያሉት ትናንሽ ካፓሲተሮች ፈሳሻቸውን ያንጠባጥባሉ፣ ፈሳሹም የመዳብ መስመሩን ይበላል። ድምፁ ከጠፋ፣ ምስሉ የሚታየው ማሽኑን አዘንብላችሁ ብቻ ከሆነ፣ ወይም በርቶ ወዲያው ከጠፋ ምክንያቱ ይኸው ነው። ካውያ ሲነካቸው የዓሣ ሽታ ከሸተታችሁ አትደነቁ፤ ያ የፈሰሰው ኬሚካል ነው። ለጌም ጊር ከስክሪን ኪት በፊት የካፓሲተር ኪት ይገዛል።

ሁለተኛው የ2001ዱ ኤክስቦክስ ነው። ከ1.0 እስከ 1.5 ባሉት ቦርዶች ላይ ሰዓቱን የሚያቆየው ትልቅ ካፓሲተር ያፈሳል። ማሽኑ ደህና ቢሠራም አውጡትና ቦታውን በአልኮል አጽዱ። ጉዳቱ አንድ ብቻ ነው፦ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱን ይረሳል። የ1.6 ቦርድ ሌላ ዓይነት ካፓሲተር ስላለው ባለበት ይተው።

የቦርዱን እትም ማወቅ

ከጀርባ የተለጠፈው ወረቀት መነሻ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ያገለገሉ ኮንሶሎች ቀፏቸው ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፤ ወረቀቱ የሌላ ማሽን ሊሆን ይችላል። ከማዘዛችሁ በፊት ክፈቱት፣ ቦርዱ ላይ የታተመውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ የኪቱን ዝርዝር አንብቡ።

ጌም ቦይ አድቫንስ ሁለት ዓይነት ቦርድ አለው፦ የስክሪን ማገናኛው 40 ፒን ያለው እና 32 ፒን ያለው። ደህና ኪት ለሁለቱም የሚሆን ፍላት ገመድ ይዞ ይመጣል፤ ርካሹ አንዱን ብቻ። ጌም ጊር ላይ ቪኤ0፣ ቪኤ1፣ ቪኤ4 የሚሉ እትሞች አሉ፤ የአንዱ የስክሪን ኪት ብዙ ጊዜ ለሌላው አይሆንም። ድሪምካስት ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር አለው፤ 1 ከሆነ ቪኤ1 ነው፣ ብዙዎቹ ዲስክ ተኪ ቦርዶችም ለእሱ የተሠሩ ናቸው። ሴጋ ሳተርን ላይ የዲስክ ማጫወቻው ፍላት 20 ፒን ወይም 21 ፒን ነው። የማብሪያው ቁልፍ ሞላላ ወይም ክብ መሆኑ ፍንጭ ይሰጣል፣ ግን አይታመንም፤ ከፍቶ መቁጠር ነው። ጌምኪዩብ ላይ ደግሞ ካቻቪቴም አያስፈልግም፦ ከኋላ ከአናሎጉ የምስል መውጫ ሌላ ሁለተኛ፣ የዲጂታል መውጫ ካለ ሞዴሉ ዲኦኤል-001 ነው፤ ዲኦኤል-101 የለውም። ፕሌይስቴሽን 1 ከሆነና የመረጣችሁት ኪት ከኋላ ባለው ፓራለል መውጫ የሚሰካ ከሆነ፣ የ9000 ተከታታይ ሞዴሎች ያ መውጫ እንደሌላቸው አትርሱ።

ለመክፈት ከባለመስቀሉ ሌላ ሦስት ዓይነት ካቻቪቴ ይበቃል። ባለሦስት ክንፉ ለጌም ቦይ ቤተሰብ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር የጌምቢት ካቻቪቴ ለሱፐር ኔንቲዶ፣ ለኔንቲዶ 64 እና ለጌምኪዩብ ቀፎ፣ 3.8ቱ ለካሴቶቻቸው። ውስጥ ያሉት ባለመስቀል ብሎኖች በጃፓን ልክ የተሠሩ ናቸው፤ ተራ ባለመስቀል ካቻቪቴ እየተንሸራተተ ራሳቸውን ይበላዋል። የጃፓን ልክ ከሌላችሁ አጥብቃችሁ ተጭናችሁ ቀስ ብላችሁ ፍቱ።

ስክሪን

በእጅ በሚያዙት ማሽኖች ላይ ዓይን የሚሞላው ለውጥ ይህ ነው። የ1989ኙ ጌም ቦይ፣ የ1998ቱ ጌም ቦይ ከለር፣ የ2001ዱ ጌም ቦይ አድቫንስ ስክሪናቸው ጨርሶ መብራት የለውም። ጌም ጊር መብራት አለው፣ ግን ትንሽ ፍሎረሰንት ቱቦ ስለሆነ ስድስት ባትሪ በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል።

ኪት ስታወዳድሩ ከኢንቹ በፊት ፒክስሉን ተመልከቱ። አድቫንስ የሚያወጣው ምስል 240 በ160 ነው። ፓነሉ 720 በ480 ከሆነ በሁለቱም አቅጣጫ ልክ 3 እጥፍ ነው፤ እያንዳንዱ የጌሙ ነጥብ 9 የፓነል ነጥብ ይይዛል፣ ሁሉም እኩል። ፓነሉ 320 በ240 ከሆነ ግን 240ው ወደ 320 መለጠጥ አለበት፤ ሦስቱ ነጥብ በአራት ቦታ ይከፈላል። ወይ አንዱ ነጥብ ከጎረቤቶቹ ሁለት እጥፍ ይወፍራል፣ ወይ ሁሉም ይደበዝዛል። ይህ በፎቶ አይታይም። የሚታየው ጽሑፍ ስታነቡ የፊደላቱ እግር አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ሲሆን፣ መልክዓ ምድሩ ወደ ጎን ሲንሸራተት ደግሞ እንደ ውኃ ሲሞገድ ነው። ጌም ቦይና ጌም ቦይ ከለር 160 በ144 ናቸው፤ ለእነሱ 480 በ432 ወይም 640 በ576 የሚሣልበት ቦታ ያለው ፓነል ፈልጉ። ሻጩ የፓነሉን ፒክስል ካልጻፈ ተዉት።

ቀጥሎ ፍጥነት። ጌም ቦይም አድቫንስም ምስሉን በሰከንድ 59.73 ጊዜ ይሥላሉ፤ ፓነሎቹ ብዙውን ጊዜ በ60 ይሄዳሉ። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ምስሉን ለሁለት የሚቆርጥ መስመር በየጊዜው ያቋርጣል። ይህን ለማስቀረት ሙሉ ምስል ይዞ የሚቆይ ኪት አለ፣ ዋጋው ግን መዘግየት ነው፤ አንድ ምስል ወደ 17 ሚሊ ሰከንድ ነው። ተራ ተጠብቆ በሚጫወቱት ጌም ላይ ማንም አያውቀውም፤ ዝላይ በቅጽበት በሚለካበት ጌም ላይ የሚያውቁት ያውቁታል። ማስታወቂያ ስታዩ የቆመ ፎቶ ሳይሆን ወደ ጎን የሚሮጥ ጌም የተቀረጸበትን ቪዲዮ ጠይቁ።

ፓነሉ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ የሚመጣው ኪት ይመረጣል። አቧራ አይገባበትም፣ ጠምዞ የመለጠፍ ጣጣም የለበትም። ለየብቻ የሚመጣው ይረክሳል፤ ግን መሐል ለማምጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገባች ደግሞ ነጭ ስክሪን በመጣ ቁጥር ትታያለች።

ቀፎውን በተመለከተ ሁለት ምርጫ አለ፦ የድሮውን ውስጡን መቁረጥ፣ ወይም ለአዲሱ ፓነል የተዘጋጀ ቀፎ መግዛት። ዋናው ቀፎ ንጹሕና ያልተነካ ከሆነ መቁረጥ ኃጢአት ነው፤ አስቀምጡትና አዲስ ቀፎ ግዙ። የምትቆርጡ ከሆነ በስክሪኑ ዙሪያ ያሉትን የፕላስቲክ ግድግዳዎች ጥቂት ጥቂት እያላችሁ በመቁረጫ ፒንሳ ሸርፏቸው። ልኩ እንዲህ ይታወቃል፦ ፓነሉ በራሱ ክብደት ወርዶ ይተኛል። በጣት ገፍታችሁ ካስገባችሁት አንድ ጥግ ላይ የነጣ ጥላ ይወጣል፣ ቀፎው በብሎን ሲጠብቅም ይሰነጠቃል።

አድቫንስ ላይ ሲገጠም

ባትሪውን አውጡ። ከጀርባ ስድስት ባለሦስት ክንፍ ብሎን፣ በባትሪው ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ባለመስቀል አለ። የጀርባውን ቀፎ ስታነሱ ማሽኑን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ ከላይ ያሉት የኤልና የአር ቁልፎች በውስጣቸው ስስ ስፕሪንግ ስላላቸው ተፈናጥሮ ምንጣፍ ውስጥ ይገባል። ቦርዱን የያዙትን ባለመስቀል ብሎኖች ከመፍታታችሁ በፊት የስክሪኑን ፍላት ልቀቁ፦ የማገናኛውን መቆለፊያ ግራና ቀኙን በጥፍር እኩል ሳቡት፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ። አንዱን ጎን ብቻ ከሳባችሁት ይሰበራል፤ ከተሰበረ ደግሞ ፍላቱን የሚይዘው ነገር የለም።

አዲሱን ፍላት ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡና መቆለፊያውን መልሱ። የመዳብ ጥርሶቹ መስመር ከማገናኛው ጋር ትይዩ መሆኑን በአጉሊ መነጽር እዩ። ምስሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ወይም የጎደለ ቀለም ከመጣ ከአሥሩ ዘጠኙ ጊዜ ፍላቱ ትንሽ ጠሞ ነው፤ ኪቱን ከመውቀስ በፊት አውጥታችሁ መልሱት። የኪቱ ቦርድ ጀርባ ከማሽኑ ቦርድ ጋር የሚነካካበት ቦታ ላይ ሙቀት የሚችል ቢጫ ቴፕ ለጥፉ፤ ያለ ቴፕ የተገጠመ ቀፎ ተዘግቶ ሲጠብቅ ሾርት ያደርጋል።

ብሩህነት የሚቆጣጠሩት በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ ኪት በጣት የሚነካ ትንሽ ሰሌዳ አለው፣ ብየዳ አይጠይቅም። ሌላው ሦስት ቀጫጭን ሽቦ ወደ ሴሌክት፣ ኤልና አር ቁልፎች ይበየድለታል፤ ቦርዱ ላይ ቲፒ2፣ ቲፒ9 እና ቲፒ8 የሚሉት ነጥቦች ናቸው። ሽቦዎቹ ባይበየዱ ስክሪኑ ይሠራል፣ ብሩህነቱን ግን መቀየር አይቻልም። ካውያ ይዞ ለማያውቅ ሰው ለመለማመጃ ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም።

ኃይልና ባትሪ

አዲስ ፓነል ከድሮው የበለጠ ይበላል። በሁለት ባትሪ የሚሠራው አድቫንስ ብሩህነቱ ጫፍ ሲደርስ በአዲስ ባትሪም ቀዩን መብራት ሊያበራ ይችላል። ሰዎች ኪቱ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ተራ አልካላይን ሁለቱ 3 ቮልት ናቸው፤ ቻርጅ የሚደረጉት 1.2 ስለሆኑ ሁለቱ 2.4 ብቻ። በዚያ ላይ የዓመታት ቆሻሻ የያዘ ማብሪያ አንድ ኦም ተቃውሞ ቢኖረውና 300 ሚሊ አምፔር ቢያልፍበት 0.3 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ማሽኑ የሚደርሰው 2.1 ነው።

ስለዚህ የባትሪ ኪት ከመግዛት በፊት ማብሪያውን አጽዱ። ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ሁለት ጠብታ ጨምሩና 30 ጊዜ ያህል ወዲያ ወዲህ አድርጉት። የባትሪው ስፕሪንግ አረንጓዴ ዝገት ካለበት በነጭ ኮምጣጤ፣ ቀጥሎ በአልኮል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ እዚሁ ያልቃል።

ሊቲየም ባትሪ ከነዩኤስቢ-ሲ ቻርጀሩ የምትገዙ ከሆነ ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ የቻርጅ መጠኑ። ብዙ ርካሽ ኪት ቲፒ4056 የሚባል ቺፕ ይጠቀማል፤ ሲሸጥ በላዩ ያለው 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር 1 አምፔር ያስገባል። ባትሪው 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ከሆነ ይህ ሁለት እጥፍ ነው፤ ይግላል፣ ያብጣል። ሬዚስተሩን በ5 ኪሎ ኦም ብትተኩት ወደ 250 ሚሊ አምፔር ይወርዳል፤ ቻርጁ ይረዝማል፣ ባትሪው ግን ይኖራል። ሁለተኛ፣ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይራገፍ የሚቆርጥ መከላከያ ሰሌዳ መኖሩ። ሦስተኛ፣ የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳው። አጠገቡ ሁለት የ5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ከሌሉ በሁለቱም ጫፍ ሲ በሆነ ገመድ ቻርጅ አያደርግም፤ በድሮው ሰፊ ዩኤስቢ ገመድ ብቻ ይሠራል። ገዢዎች «ቻርጀሩ ሞተ» የሚሉት ይህን ነው።

አንድ የማይነገር ነገር አለ። የሊቲየም ኪት ቮልቴጁን አስተካክሎ የሚሰጥ ከሆነ የማሽኑ የባትሪ መብራት እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ይሆንና በድንገት ይጠፋል። ሴቭ ያልተደረገ ጌም አብሮ ይጠፋል። የራሱ የባትሪ ምልክት ያለው ኪት ለዚህ ይመረጣል።

ምስል ወደ ቴሌቪዥን

የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ኮንሶሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጡት 240 መስመር ያለው ምስል ነው። አዲስ ቴሌቪዥን ይህን ምስል መስመሮቹ ግማሽ በግማሽ እየተፈራረቁ የሚሣሉበት ባለ480 መስመር ምስል አድርጎ ይተረጉመዋል። ጠርዞቹ ይደበዝዛሉ፣ ቁልፍ ተጭናችሁ ገጸ ባሕርዩ እስኪንቀሳቀስ ይዘገያል፣ በየምስሉ ብልጭ ድርግም እያሉ ጥላ የሚመስሉ ነገሮች ጭራሽ ይጠፋሉ ወይም ቋሚ ይሆናሉ።

መፍትሔው ሁለት ነው፦ ከውጭ የሚሰካ ማስፊያ ሳጥን ወይም በሆዱ የሚበየድ የኤችዲኤምአይ ቦርድ። ከሁለት በላይ ኮንሶል ካላችሁ የውጩ ይሻላል፤ አንዱ ለሁሉም ይሆናል፣ ማሽኖቹም አይነኩም። አንድ ኮንሶል ብቻ ያለው፣ እሱንም በጣም የሚወድ ሰው የውስጡን ይግዛ።

የውጩ ሳጥን ግን ከገባለት ምስል የተሻለ አይሠራም። የመጀመሪያው ሱፐር ኔንቲዶ አርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለየብቻ የሚላኩበት ምልክት) ከኋላው ያወጣል፣ ገመድ መግዛት ብቻ ነው። ትንሹ ሱፐር ኔንቲዶ አርጂቢ መውጫው ተቋርጦ ስለመጣ ትንሽ ማጉያ ሰሌዳ ይፈልጋል። «የኤችዲኤምአይ ገመድ» እየተባሉ ለየኮንሶሉ የሚሸጡ ርካሽ ገመዶች ብዙዎቹ ውስጣቸው ቢጫውን የቪዲዮ ምልክት ወስደው የሚያጎሉ ናቸው። ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ገመዱ ከማሽኑ የሚወስደው የትኛውን ምልክት ነው? መልሱ አርጂቢ ወይም ኮምፖነንት (እሱም ምስሉን በሦስት ሽቦ የሚልክ) ካልሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

ሳይበየድ የሚገኝ ጥሩ ምስል እያለ ማሽን መክፈትም ሞኝነት ነው። ዲጂታል መውጫ ያለው ጌምኪዩብ ከኋላው የሚሰካ የኤችዲኤምአይ አዳፕተር አለው። ድሪምካስት በቪጂኤ 480 መስመር ሙሉ ምስል ያወጣል፤ ጥቂት ጌሞች ብቻ ናቸው እምቢ የሚሉት።

በተቃራኒው ጫፍ ያለው ኤንኢኤስ ነው። ምስል የሚሠራው ቺፕ ቢጫውን ምልክት ብቻ ስለሚያወጣ አርጂቢ ለማግኘት ባለ40 እግሩን ቺፕ ከቦርዱ ነቅሎ በኪቱ ላይ ማስቀመጥ ግድ ነው። ሊድ መምጠጫ ጠመንጃ ከሌላችሁ አትጀምሩት። አንዱ እግር ሳይላቀቅ ቺፑ ከተሳበ የቀዳዳው መዳብ አብሮ ይወጣል። የኔንቲዶ 64 የውስጥ ዲጂታል ኪትም ከቺፑ ጥቃቅን እግሮች ጋር ስለሚበየድ ለጀማሪ አይሆንም።

ዲስክ ተኪ ቦርዶች

ሌንሱ የደከመ ማሽን ላይ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፦ ዲስክ ማጫወቻው ወጥቶ ኤስዲ ካርድ የሚያነብ ቦርድ ይገባል። ሳተርን ላይ ምርጫ አለ፤ የዲስክ ማጫወቻውን ሳይነካ በኋላው የቪዲዮ ሲዲ ካርድ ቦታ የሚገባ ዓይነት አለ። ዋናው ማጫወቻ ገና የሚሠራ ከሆነ ይህኛው ይመረጣል።

ድሪምካስት ላይ ማጫወቻው ሲወጣ የ12 ቮልቱ መስመር ጭነት ያጣል፤ ፓወር ሳፕላዩም ከወትሮው ሊግል ይችላል። የኪቱ መመሪያ ስለዚህ ምን እንደሚል ሳታነቡ አትግዙ። ማሽኑ በራሱ ጊዜ ሪሴት የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱን በአዲሱ ቦርድ ላይ አትጣሉ፦ ፓወር ሳፕላዩ ቦርዱ ላይ የሚሰካባቸው ፒኖች ኦክሳይድ ይይዛቸዋል። ሳፕላዩን ነቅላችሁ ፒኖቹን በአልኮል አሹ፣ መልሳችሁ ሰኩ።

ድሪምካስት ተከፍቶ ሳለ የሰዓቱንም ባትሪ መቀየር ያምራል። የተበየደው ኤምኤል2032 ነው፣ ማለትም ቻርጅ የሚደረግ። በቦታው ተራውን ሲአር2032 ማስቀመጥ አይቻልም፤ ማሽኑ ቻርጅ ሊያደርገው ይሞክራል፣ ያፈስሳል ወይም ይፈነዳል። ሳተርን ግን በዋናውም ሲአር2032 ነው የሚጠቀመው፤ የኋላውን ክዳን ከፍቶ መለወጥ ብቻ ነው።

በኮፒ የተሠሩ ቦርዶች ይረክሳሉ፣ ብዙዎቹም ይሠራሉ። ለዋናው የወጣውን አዲስ ሶፍትዌር ስትጭኑባቸው ግን ሊሞቱ ይችላሉ። ኮፒ ከገዛችሁ እንደመጣ ይኑር። ካርዱንም ከመጠቀማችሁ በፊት እስከ ጥግ የሚሞላና መልሶ የሚያነብ የፍተሻ ፕሮግራም አስኪዱበት። 128 ጊጋ ባይት ተጽፎበት ውስጡ 8 ብቻ የሆነ ካርድ የመጀመሪያዎቹን ጌሞች በደንብ ያጫውትና ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ መሐል ላይ ይቆማሉ።

ካፓሲተርና ብየዳ

የካፓሲተር ኪት ስትገዙ ዝርዝሩ ለእናንተ ቦርድ እትም መሆኑን አረጋግጡ። አቅሙ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ የሙቀት ልኩ 105 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ። ቁመቱንም ለኩ፤ ረጅም ካፓሲተር ጌም ጊር ውስጥ ክዳን አያዘጋም።

ፖላሪቲ (የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቅጣጫ) ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። በጣሳ መልክ ባለው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ላይ ምልክት የተደረገበት ጎን ኔጌቲቭ ነው። ታንታለም ካፓሲተር ላይ ግን መስመሩ ፖዘቲቩን ያሳያል። ኪቱ ታንታለም ይዞ ከመጣና በድሮው ልማድ ከበየዳችሁት፣ ማሽኑ ሲበራ ይቃጠላል፣ አንዳንዴም በነበልባል።

አሮጌውን ካፓሲተር በፒንሳ ይዞ ማዞር በቪዲዮ ሲታይ ቀላል ነው። ሙጫው በፈሳሽ የተበላ ፓድ (እግሩ የሚበየድበት የመዳብ ቦታ) አብሮ ይነሣል። ይልቅ ሁለቱን እግሮች በአዲስ ሊድና በፍላክስ (ሊዱ በደንብ እንዲፈስ በሚረዳ ቅባት) አርጥቡ፣ በየተራ እያሞቃችሁ አንሱት። 63 በ37 የሆነ የቆርቆሮና የእርሳስ ሊድ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ እርሳስ አልባው 217 አካባቢ ይፈልጋል። ካውያው ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ይሁን፣ ጫፉ ሰፋ ያለ። ሊዱ እምቢ ሲል ብዙ ሰው ሙቀት ይጨምራል፤ የሚጎድለው ግን ብዙ ጊዜ ፍላክስ ነው፣ ወይም ፓዱ ከሰፊ የመዳብ ንጣፍ ጋር ተያይዞ ሙቀቱ እየተሰረቀ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ፍላክሱን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጽዱ።

ከማዘዝና ከመዝጋት በፊት

የሻጩ ገጽ ላይ አራት ነገር ፈልጉ፦ የሚገጥምባቸው የቦርድ እትሞች ስም በስም፣ የመግጠሚያ መመሪያ በፎቶ፣ የሚበላው ሚሊ አምፔር፣ ሳይገጠም የሞተ ዕቃ መመለስ መቻሉ። ሦስተኛውን የሚጽፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ጽፈው ስታገኙ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዳለበት ገምቱ። ኪቱ ሲደርስ ከመበየዳችሁና መከላከያ ላስቲኩን ከመላጣችሁ በፊት ፍላቱን ብቻ ሰክታችሁ አብሩት፤ ላስቲኩ የተላጠ ፓነል የሚመልስላችሁ ሻጭ አታገኙም።

ቀፎውን ሁለት ብሎን ብቻ ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት አጫውቱ። ከስፒከሩ ቀጭን ፉጨት ከመጣ፣ ብሩህነቱን ስትቀንሱም ከተለወጠ፣ ምንጩ የፓነሉ መብራት ነው፤ ሽቦዎቹን ከስፒከሩና ከድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው አርቁና እንደገና ስሙ። ብሎኖቹ የመጨረሻውን ሩብ ዙር ሲጠብቁ ምስሉ ከተለወጠ ቀፎው ፓነሉን እየተጫነ ነው፤ ፍቱና ፕላስቲኩን ተጨማሪ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሸርፉ። የወጣውን ዋናውን ስክሪን፣ ማጫወቻና ብሎን የማሽኑ ቁጥር በተጻፈበት ከረጢት ውስጥ አስቀምጡ።